የሯጭ ልብ

ማሪቱ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ ሳትነሳ የልብ ምቷን ትቆጥራለች። መቁጠሩን ያስተማሯት እሷ ቤት ቁርስ የሚበሉት ሯጮች ናቸው። ምግብ ቤቷ ሱሉልታ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብላ ያለች፣ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ቤት ናት። ሯጮቹ ከልምምድ ሲመለሱ ላባቸው ሳይደርቅ ይገባሉ፤ ጨጨብሳና እንቁላል ያዛሉ፤ ምግቡ እስኪደርስ ደግሞ «ዛሬ በስንት ነቃህ?» ይባባላሉ። ሰዓቱን አይደለም። ከእንቅልፍ ሲነቁ ልባቸው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ ነው የሚጠያየቁት። አርባ ስምንት። አርባ ስድስት። ዝቅ ያለለት ይኮራል፤ ከፍ ያለበት «ማታ የት አመሸህ?» ተብሎ ይቀለድበታል።

ማሪቱ ወደዚህ ጨዋታ የገባችው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው። መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ ነበረች። ባለፈው ጥር አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ጨጓራዋን ቆርጠው አሳነሱላት፤ ይኸው ዘጠኝ ወሯ፣ አሁን ሰማንያ ስድስት ናት። ያኔ አርፋ ተቀምጣ እንኳ ልቧ ዘጠና ስምንት ይመታ ነበር። ክብደቷ ሲወርድ እሱም አብሮ ወረደ፤ ሰማንያ ሁለት፣ ሰባ፣ ስልሳ አንድ፣ ሃምሳ አራት። አዲስ ቁጥር በተናገረች ቁጥር ቤቱ በጭብጨባ ይሞላል።

«አዴ ማሪቱ፣ ለሚቀጥለው ውድድር እናስመዝግብዎት?» ይላታል ደገፋ፣ የአስር ሺህ ሜትር ሯጩ።

«አንተን ላለማሳፈር ብዬ ነው እንጂ እስከዛሬም አልቆይ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ፣ ከማድ ቤት እስከ ጠረጴዛ አንድ ሳህን ለማድረስ መሃል ላይ ግድግዳ መደገፍ ከጀመረች ሰንብታለች። ድካሙ የሥራ ድካም አይደለም። የሥራ ድካም ማታ መጥቶ ጠዋት ይሄዳል፤ ይሄኛው ጠዋት አብሯት ይነሳል። ጣቶቿ ይቀዘቅዛሉ። ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ዓይኗ ይጨልማል። ጎረቤቶቿ «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ኧረ ተመርመሪ» ሲሏት «ለውበት ነው» ብላ ታልፋቸዋለች። ለጎረቤት የሚሆን መልስ አታጣም። መልስ የጠፋት ለባሏ ነው።

ገብረየስ ኦፕራሲዮኑን አልወደደውም ነበር። የውሃ ቢሮ መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ያኔ ግን «ደህና ጨጓራ ይቆረጣል እንዴ? በኋላ አልነገረኝም እንዳትይ» ብሎ ሦስት ሳምንት አኮረፋት። ኦፕራሲዮን የገባች ቀን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ዋለ፤ ወንበር ሲሰጡት እንኳ አልተቀመጠም። ቤት ከገባች ወዲህ አንድ ሥራ የራሱ አደረገ፤ የደም ግፊት ክኒኗን መስጠት። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በአንድ እጁ አንድ ነጭ ክኒን፣ በሌላው ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ይዞ ይመጣል። ውጣ ስትጨርስ ብርጭቆውን ተቀብሎ ይሄዳል። ማሪቱ ለዓመታት ክኒን እየዘለለች ጤና ጣቢያ ስትቆጣ የኖረች ሴት ናት፤ በእሱ እጅ ግን አንድ ቀን አልተዘለለም። ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ መሆኑ ገብቷታል። እንዲህ ያለውን ሰው ፊት ለፊቱ ቆማ እንዴት ደከመኝ ትበለው?

ድካሙ ሳይጀምራት፣ ከኦፕራሲዮኑ በሦስተኛው ወር የነበራት የምርመራ ቀጠሮ የቀረውም በእሱ ምክንያት ነው። በዚያ ሚያዝያ ከሰበታና ከቡራዩ አርባ ሯጮች ለልምምድ መጥተው ስለነበር ሥራው ፋታ አልሰጣትም፤ ለራሷ የነገረችው ይህንን ነው። እውነቱ ግን ፍርሃት ነበር። ሐኪሙ አንድ ነገር ቢያገኝ፣ ገብረየስም ቢሰማ፣ ያቺ «አልነገረኝም እንዳትይ» ያላት ነገር ዕድሜ ልኳን ቤቷ ውስጥ ልትቀመጥ ነው። ስለዚህ «ከሆስፒታል ደውለው፣ ደህና ስለሆንሽ መምጣት አያስፈልግሽም አሉኝ» አለችው። ደስ አለው። ክኒኑ ሲያልቅም አዲሱ ገበያ ድረስ ወርዶ ያንኑ ይገዛላት ጀመር።

ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ አርባ አራት ቆጠረች።

«አለቀልህ ደገፋ!» ብለው ጮኹ ሯጮቹ። ደገፋ ተነስቶ እጅ ነሳት። ሐኒ ብቻ አላጨበጨበችም። ሐኒ ቁርጭምጭሚቷ ተጎድቶ የዘንድሮ ውድድር ያመለጣት፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ማድ ቤት ገባች።

«እትዬ፣ የኛ ልብ እኮ የሚወርደው ስናርፍ ነው። ስንሮጥ መቶ ሰባ፣ መቶ ሰማንያ ይገባል። የእርስዎስ?»

«እኔን የት ስሮጥ አየሽኝ?»

«እስቲ ድርቆሹ ድረስ እንውጣ።»

ከቤቱ ጀርባ ድርቆሽ የሚከመርበት ጉብታ አለ፤ አጭር አቀበት ነው። ማሪቱ ሁለት ጊዜ ቆማ ወጣችው። ሐኒ የእጇን አንጓ ይዛ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። ያላመነች ይመስል ደግማ ቆጠረች።

«ሃምሳ ሁለት» አለች።

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«አይደለም እትዬ። ትንፋሽዎ ተቆራርጧል፣ ጉልበትዎ ይንቀጠቀጣል፤ ልብዎ ግን አቀበት መውጣትዎን አልሰማም። የሯጭ ልብ እንዲህ አይደለም። የያዘው ነገር አለ።»

ማሪቱ ድርቆሹ ላይ ተቀመጠች። «ለገብረየስ እንዳትነግሪው።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? እርስዎ ይንገሩት።»

አልነገረችውም። «ቀጠሮዬ ደርሷል» ብቻ አለችው፤ እሱም ፈቃድ ወስዶ አብሯት ሄደ።

ሐኪሙ፣ ዶክተር እውነቱ፣ ደረቷ ላይ ገመድ አስለጥፎ የልቧን ምት በወረቀት አስወጣ። ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«ድካም አለ?»

ማሪቱ ወደ ገብረየስ ዞር አለች። «ትንሽ።»

«ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

እሷ አፏን ሳትከፍት ገብረየስ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ፓኮውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «አንድም ቀን አላቋረጠችም ዶክተር። እኔ ነኝ በእጄ የምሰጣት።»

ዶክተሩ ፓኮውን አገላብጦ አነበበ። «ይህ እኮ ያን ጊዜ ለነበረው ግፊትዎ የታዘዘ ነው። ግፊት ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፣ የልብንም ምት ይቀንሳል። ሰው እንዲህ ሲከሳ ልቡ ሸክም ስለሚቀልለት ራሱ ዝግ ይላል። ክኒኑ ደግሞ ከላይ ሲጫነው ጊዜ አርባዎቹ ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ወር ይምጡ ያልነው መጠኑን ለማስተካከል ነበር።» ቀና ብሎ ሁለቱንም አያቸው። «አይደንግጡ፤ ልብዎ ጤነኛ ነው። ክኒኑን በአንዴ አናቆምም፣ ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን። በሁለት ሳምንት ይመለሱ።»

ገብረየስ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በእጄ» አለ።

ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ሚኒባስ ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ገብረየስ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርግ ነበር፣ የቆሸሸ ይመስል።

«ማን ነበር የደወለልሽ?» አላት ድንገት።

«የት?»

«አትምጪ ያለሽ ሰው። ሴት ነች ወንድ? ነገ ሄጄ ስሙን እጠይቃለሁ። ሰው በቁሙ ሊገድሉ ነው እንዴ? እኔስ ምን አውቄ፣ ደህና ናት ሲሉኝ ጊዜ...»

ሴት ነች ብትለው ይበቃ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ስሟን አላስታውስም ብትል፣ እሱ ሆስፒታሉ በር ላይ ሄዶ ይጮሃል፤ አንዲት ምንም ያላደረገች ነርስ ትጠየቃለች፤ ማታ ተመልሶ ደግሞ በእጄ፣ በእጄ ሲል ያድራል። ይህንን ሁሉ ስታስብ ከድካሙ በላይ ደከማት።

«ማንም አልደወለም» አለች።

ዞሮ አያት።

«እኔ ነኝ የቀረሁት። ዋሽቼህ ነው።»

ከፊታቸው የተቀመጡ ሴትዮ መስኮቱን ዝጉልኝ አሉ። ገብረየስ ተነስቶ ዘጋላቸውና ተቀመጠ።

«ለምን?»

«‹አላልኩሽም?› እንዳትለኝ ብዬ።»

የእንጦጦ ባሕር ዛፎች አለቁ፤ መንገዱ ወደ ሜዳው ቁልቁል ያዘ።

«እልሽ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«አንድ ጊዜ ብዬ ግን ይዤሽ እሄድ ነበር።»

ይህንን አታውቅም ነበር። ወይም ታውቅ ነበር፣ አላመነችውም። የቀዘቀዙ ጣቶቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች። እሱም አያት፤ ጋቢናው ላይ ያለው ሬዲዮ ሲያወራ ቆይቶ ዘፈን ጀመረ።

«ደክሞሻል?» አላት።

ደህና ነኝ የሚለው በልማድ አፏ ላይ መጣ።

«በጣም» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኔ።»

«ሰኔ?» ድምፁ ከፍ ሲል ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩዋቸው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ፤ ከሰኔ ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ነገረችው። ማድ ቤት ውስጥ ጤፍ ስታወርድ ወድቃ እሱ ሳይመጣ የተነሳችበትን፤ ቤተ ክርስቲያን መቆም አቅቷት በሩ ጋ ተቀምጣ ያስቀደሰችበትን፤ ሌሊት እሱ ሲተኛ ጠብቃ የምታለቅስበትን። ሳታስውብ፣ ሳታሳንስ፣ አንድ በአንድ። ሰፈራቸውን በመስኮቱ አየችው፤ እሱም አየው። መውረጃቸው ነበር፤ ነገሯ ግን ገና ነሐሴ ላይ ስለነበር ሁለቱም ወራጅ አላሉም።