ሰርገኞች የደረሱት ልቅሶ

እህተማርያም ለሽርሽር ተብላ ከአዲስ አበባ ስትነሣ፣ ሻንጣዋ ሥር ጥቁር ቀሚስ ደብቃ ነበር። ልጇ ናርዶስ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ፣ የናርዶስ ባል ሽመክት ደግሞ የጓደኛውን መኪና ተውሶ፣ «እማዬን የተወለደችበትን አገር እናሳያት» ብለው ነው ያመጧት። ዕቅዱ ሁሉ የደስታ ነው። ቆሰበር ላይ ሆቴል ተይዟል፣ ዘንገና ሐይቅ ይታያል፣ ያገሩ ፈረሰኞች በዓል ላይ ተውሎ ይመለሳል። ናርዶስ ለዚሁ ብላ ሰማያዊ ቀሚስ ገዝታላታለች። እህተማርያምም ቀሚሱን «እሰይ፣ ያማረ ነው» ብላ አጣጥፋ ከጥቁሩ ላይ አስቀመጠችው።

የእሷ ጉዳይ ሌላ ነው። ወንድሟን ልታለቅስ ነው የመጣችው።

ወንድሟ አየነው ይባላል። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ ከጓደኞቹ ጋር ከዳንግላ ወጣ ብሎ ካለ ሜዳ ላይ ረሸኑት። ያኔ ደግሞ የተረሸነ ልጅ አይለቀስለትም፤ ክልክል ነው። እናታቸው አፏን በነጠላዋ ጠቅጥቃ ከረመች። ጎረቤት እንኳ «እግዜር ያጥናችሁ» ለማለት ፈርቶ፣ ጨው ሊለምን የመጣ እየመሰለ በጓሮ በኩል ይገባ ነበር። አባትየው «ይቺን እንኳ ላትርፍ» ብሎ፣ ገና ልጅ የነበረችውን እህተማርያምን አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሰደዳት። ወላጆቿም እዚያው ተከትለዋት ሄደው እዚያው አረፉ። መንግሥት ተለውጦ በሜዳው ላይ ሐውልት ሲቆም እሷ የናርዶስ አራስ ነበረች። ከዚያ ኑሮው፣ ከዚያ የባሏ ሕመም፣ ከዚያ ይሄ ያ ሲል ዕድሜ ሄደ። ሐውልቱ ሲመረቅ ንግግር ተደርጎ፣ አበባ ተቀምጦ፣ ሰው ወደየቤቱ ተበተነ አሉ። ልቅሶ ግን የተቀመጠ የለም።

አንድ የምትፈራው ነገር ነበር። እንባው እንቢ ቢለኝስ ትላለች። እህተማርያም ለሰው ልቅሶ እንባዋ ቅርብ ነው፤ የዕድሯ ሴቶች «እሷ ከመጣች ልቅሶው ይሞቃል» ይሏታል። ለማታውቀው የጎረቤት አማች ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ የተመለሰችበት ጊዜ አለ። ለአየነው ግን አንድ ቀን ጠብ ብሎላት አያውቅም። ልጅ ሆና «ዝም በይ» የተባለችው እስከ ዛሬ ጉሮሮዋ ላይ አለ። ቦታውን ካየሁ ይወጣልኝ ይሆናል ብላ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣችው።

ዘንገናን ባዩ ማግሥት፣ ናርዶስና ሽመክት የሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁርስ ሲበሉ፣ እህተማርያም ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አድርጋ ብቅ አለች።

ናርዶስ ሹካዋን አስቀመጠች። «እማዬ! ማን ሞተ?»

«አጎትሽ።»

«የቱ አጎቴ?»

«አንድ እኮ ነው ያለሽ» አለችና ተቀመጠች። «ብሉ፣ ብሉ። እሱ የትም አይሄድም። ስትጨርሱ ዳንግላ ትወስዱኛላችሁ።»

ናርዶስ ስለ አጎቷ የምታውቀው ሳሎን ውስጥ የተሰቀለውን አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ልትቆጣ ፈለገች፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም ልትል። ግን የእናቷን ፊት አየችና ተወችው። ሽመክት መቼም አማቱን ያከብራል፤ አፉ ውስጥ ያለውን ሳያላምጥ ውጦ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ።

ዳንግላ ሲገቡ ሐውልቱ ወዴት እንደሆነ አንድ ባለጋሪ ጠየቁ።

«ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት ነው?» አለ ባለጋሪው።

«የለም» አለች እህተማርያም ከኋላ ወንበር ላይ አንገቷን አስግጋ። «የተረሸኑት ልጆች ሐውልት ነው እኮ የምልህ።»

«እሱው ነው፣ እትዬ። ይሄን መንገድ ይዛችሁ፣ ባሕር ዛፉን ስታልፉ ታገኙታላችሁ። ዛሬ እንኳ ሰርግ ስላለ ጭፈራውን እየሰማችሁ መሄድ ነው።»

 ናርዶስ እናቷ ዝም ስትል ምን እንደሚከተል ታውቃለችና ባሏን በክርኗ ነካችው።

ባለጋሪው አልዋሸም። በአጥር የተከበበው ሣር ለምለም ነው፤ በጥር ፀሐይ አገሩ ሁሉ ሲደርቅ ውኃ የሚጠጣ እሱ ብቻ ነው። አጥሩ ዳር አበባ የተለጠፈባቸው መኪናዎች ተደርድረዋል። ከአጥሩ ውጭ ቀይና ቢጫ ክር የታሰረላቸው ፈረሶች፣ ፈረሰኞቹም እንዳሉባቸው፣ መሬቱን ይጎደፍራሉ። ከበሮው ይደለቃል፤ ሴቱ እልል ይላል። ፎቶ አንሺው ሙሽራውን ሐውልቱ ደረጃ ላይ አንበርክኮ፣ ሙሽሪትን «ፈገግ በይ፣ ወደሱ እይ፣ አሁን ደግሞ ወደኔ» ይላታል።

የእህተማርያም ደሟ ፈላ። ይሄን ሁሉ ዓመት ጠብቃ፣ ይሄን ሁሉ አገር አቋርጣ ብትመጣ፣ ወንድሟ የወደቀበት ቦታ ላይ ይጨፈራል። መኪናው በደንብ ሳይቆም በሩን ከፈተችው። «እማዬ፣ እባክሽ ይጨርሱ፣ እዚህ እንቆይ» አለች ናርዶስ እጇን ይዛ። እጇን መነጨቀቻትና የአጥሩን በር አልፋ ወደ ሐውልቱ አቀናች። ምን እንደምትላቸው ታውቃለች። እናንተ ባለጌዎች፣ ልትል ነው።

ያሰበችውን ለመናገር ግን ጊዜ አልሰጧትም።

ያገሬው ሰው አንድ ደንብ አለው። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ኋላ ነው። ሐዘንተኛ ፊት ደርቆ ቆሞ «ለመሆኑ ማን ነው?» ማለት ነውር ነው። እንግዲህ ሰርገኛው ቀና ሲል ያየው፣ ጥቁር የለበሰች፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች፣ ፊቷ የተለወጠ ሴት እየገሰገሰች ስትመጣ ነው። ከበሮው ቀጥ አለ። አንዲት ሴትዮ የጀመረችውን እልልታ ሳትጨርስ «ወይኔ!» ብላ ነጠላዋን ገለበጠች። እሷን ተከትለው ሌሎቹም ገለበጡ። ለሰርግ የተሠራ ሹሩባ በነጠላ ተሸፈነ፤ እንሶስላ የሞቀ እጅ ደረት ይመታ ጀመር። ወንዶቹ ራሳቸውን ደፍተው ዳር ያዙ፣ ፈረሰኞቹ ወርደው ልጓም ይዘው ቆሙ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ ባገሩ ቋንቋ በአዊኛ ያለቅሳል። ሙሽሪት ሳትቀር አለቀሰች፤ ኩሉ ጉንጯ ላይ ወረደ። ፎቶ አንሺው ብቻ ግራ ገብቶት መቅረጹን ቀጠለ።

እህተማርያም መሐላቸው ቆመች። ስድቡ ከአፏ ጠፋ። ይሄ ሁሉ የማታውቀው ሰው ያለቅስላታል፤ የእሷ ዓይን ግን ድርቅ እንዳለ ነው። ባለ ልቅሶዋ እሷ፣ የማታለቅሰውም እሷ። እንዲህ ያለ እፍረት አፍራ አታውቅም።

የሙሽሪት አጎት አቶ ዓለምነው፣ ሽበታቸው የገፋ፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ፣ ክንዷን ደግፈው ደረጃው ላይ አስቀመጧትና ጎንበስ አሉ። «እግዜር ያጥናዎት። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ የሁላችንም መንገድ ነው። ማን ነው የሞተው?»

«ወንድሜ።»

«እኔን! መቼ?»

«በቀይ ሽብር» አለች እህተማርያም።

 አንዲቱ ሴትዮ ያነሣችው ሙሾ አፏ ላይ ቀረ። አንዷ ሌላዋን አየቻት፤ ሌላዋ ሣሩን አየች። ከፈረሰኞቹ መሐል አንዱ በሳል ያስመሰለው ሳቅ አመለጠው። ሽመክትም ከንፈሩን ነክሶ ወደ ባሕር ዛፉ ዞረ።

አቶ ዓለምነው ግን አልሳቁም። «ስሙ?»

«አየነው። የአናጢው የሽባባው ልጅ።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ለቀቁት። አጠገቧ ደረጃው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና እንደ ሕፃን አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «እህተ? ያቺ እየተከተለች የምታስቸግረን እህተ ነሽ?»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ዓለምነው ነኛ! አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ያን ሰሞን ጥሊሊ አያቴ ዘንድ ተልኬ ባልሄድ እዚህ ድንጋይ ላይ ስሜ ከስሙ በታች ነበር።» ድንገት ጭናቸውን መቱ። «የአባቴን ፈረስ የጋለበ ዕለት የሆነውን ነግሮሻል?»

«የቱን ፈረስ?»

«የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ፈረሱን ከአባቴ ደብቄ አመጣሁለት። ለምን? ሴቶቹ ተማሪዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በፊታቸው ሊያልፍ! ፈረስ መጋለብ እንደሆነ አይችልም፤ የአናጢ ልጅ፣ ምን ያውቃል? ጋለበ፣ ጋለበ፣ ልክ እነሱ ፊት ሲደርስ ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፈረሱ ቆመ እንጂ አየነው አልቆመም። ጭቃው ውስጥ ነው የተገኘ። እኛ ሞተ ብለን ስንሮጥ፣ እሱ ሱሪው ተተርትሮ ብድግ አለ፣ ለሴቶቹ እጅ ነሣና—»

«ወረድኩ እንጂ አልወደቅኩም» አለች እህተማርያም።

«እሱን ነው ያለው!»

«እማዬንም ያን ቀን ይሄንኑ ነው ያላት። ሱሪው እንዲያ ሆኖ፣ ግንባሩ ተልጦ፣ ‹ወረድኩ እንጂ...›» አልጨረሰችውም። ሳቅ አፈናት። የአየነው ጭቃ የለበሰ ፊት፣ የእናቷ ቁጣ፣ ሱሪውን ለመስፋት የተደረገው ግርግር ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባት። ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ ወደ ፊት ተደፍታ ሳቀች። ሰዉም አብሯት ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ጉሮሮዋ ተከፈተ። «ወንድምዬ» አለች። «ወንድምዬ፣ ወንድምዬ።» እንባው መጣ። ያ ስንት ዘመን እንቢ ያለው እንባ አሁን ማን ይገታዋል፤ ጥቁሩን ቀሚስ አራሰው።

ናርዶስ ሮጣ አቀፈቻት። ሴቶቹም በዚህ ጊዜ ማንን እንደሚያለቅሱ አውቀው አለቀሱ። ሙሾ አውራጇ ስሙን ተቀብላ አወጣችው፦

*ፈረሱ ተጭኖ፣ ሙሽራዋም ቀርባ፣*
*አየነው ተነሣ፣ ከሰርጉ ቤት ግባ።*

ሙሽራው ማንም ሳያዘው የራሱን ፈረስ ወደ ውስጥ አስገባ። ለጎበዝ ልቅሶ እንደሚደረገው፣ ማንም ሳይቀመጥበት በልጓሙ እየሳበ ሐውልቱን አዞረው። አየነው ልቅሶውን እንዲህ አገኘ፤ ያውም በሰርገኛ፣ ያውም በፈረስ።

እንባው ሲያባራ ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ ከእህተማርያም እግር ሥር ቁጢጥ አለች። «እማማ፣ እዚህ መጨፈራችን ከፋዎት? ቦታው ስለሚያምር ነው እንጂ ንቀን አይደለም።»

እህተማርያም በመዳፏ የልጅቱን ኩል ጠረገችላት፤ ይባስ አጠቆረችው። ስትመጣ ልትናገር ያሰበችው ትዝ አላትና ፈገግ አለች። «የኔ ልጅ፣ እሱ ሰርግ ሲያይ እግሩ አይቆምም ነበር። ሁሌ ኑ። ሁሌ ጨፍሩለት።»

«በይ ተነሺ እንግዲህ» አሉ አቶ ዓለምነው። «ልቅሶሽን ደርሰናል፤ አንቺም ሰርጋችንን ትደርሻለሽ። ዳሱ ያው እዚያ ነው።»

«በዚህ ጥቁር ልብስ? ቀሚሴ እኮ ቆሰበር ነው የቀረው።»

«ቀሚሱን ተይው። ነጠላሽን ገልብጪው፣ ይበቃል።»

እህተማርያም ነጠላዋን አወለቀች፣ አራገፈችና ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ እንደ ሰርግ ለበሰችው። ያን ጊዜ የተሰማው እልልታ ዳንግላ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ከበሮው እንደገና ተመታ።

አቶ ዓለምነው ግን አልበቃቸውም። የአየነው እህት በእግሯ ሄዳ ሰርግ አትገባም ብለው ሙጭጭ አሉ። ናርዶስ «እማዬ፣ ወገብሽ!» ብትል ማን ሰምቷት፤ ሽመክት እንኳ ከድቷት አማቱን በብብቷ ደግፎ የሙሽራው ፈረስ ላይ አወጣት። ፈረሱ ጨዋ ነበር፤ ሜዳውን ቀስ እያለ አቋረጠ። እህተማርያም ኮርቻውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ፈራች፣ ሳቀች፣ ደግሞ ፈራች።

ዳሱ ደጃፍ ሲደርሱ ሊያወርዷት እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን ቀሚሷን እርካቡ ያዘባትና ተንሸራታ፣ ገለባ በተነጠፈበት መሬት ላይ ዱብ ብላ ተቀመጠች። ከበሮው ቆመ። ናርዶስ ጮኸች። ሰርገኛው ሁሉ ክው ብሎ ቀረ።

እህተማርያም ቀስ ብላ ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች፣ ጥለቷን አስተካከለች፣ ለሰዉ ሁሉ እጅ ነሣች።

«ወረድኩ እንጂ አልወደቅኩም» አለች።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሲያስቁ የዋሉት አቶ ዓለምነው ብቻ አልሳቁም፤ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው አንሥተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እህተማርያም ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይበቃል እንግዲህ፣ ጋሼ ዓለምነው» አለቻቸው። «ሰርግ ቤት ነን። ይልቅ ይምጡ፣ ያስጨፍሩኝ።»