አበባው ያልተላከበት ማለዳ

አክስት ቢዩን በየማለዳው፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ ለቤተሰቧ የስልክ ቡድን የአበባ ሥዕል ትልካለች። ሥዕሉ ላይ «ደህና አደራችሁ፣ ሰውነታችሁን ጠብቁ» የሚል ተጽፎበታል። እኛ በታይዋኗ የወደብ ከተማ በኪሉንግ ያለን ሰዎች ዕድሜ ሲጫነን ሁላችንም እንዲህ ነን፤ አበባው መጣ ማለት ላኪው አለ ማለት ነው። አንዴ ስልኳ ተዘግቶባት አበባው ሲቀር፣ ታይቹንግ ከተማ የሚኖረው ልጇ ጂያሆንግ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ልኮ በሯን አስገንጥሏል። እሷ ውስጥ ሆና ጥርሷን ትፍቅ ነበር።

ስለዚህ በመዝናኛ መርከብ ወደ ጃፓኗ ኢሺጋኪ ደሴት ስንሄድ ያስጨነቃት ማዕበሉ ሳይሆን የማለዳው አበባ ነበር። ጂያሆንግ እናቱ ቤቷ ያለች ነው የሚመስለው። አብሯት የተሳፈረው ደግሞ ሊያው ነው፤ የሰፈራችን ቤተ መቅደስ በር ላይ ከተፈጨ ዓሣ የሚሠራ ድብልብል የሚሸጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ። ጂያሆንግን የሊያው ስም ሲነሳ እንኳ ያንገሸግሸዋል። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ እኔና እሷ አንድ ክፍል የተጋራነው ለሰው ዓይን ሲባል ነው።

ወደቡ ከዓይናችን ሲሰወር ስልኩም ኔትወርክ አጣ። የመርከቡ ኢንተርኔት በክፍያ ነው።

«ለአየር ገንዘብ አልከፍልም» አለች።

«አበባውስ?»

«እመቤቲቱን እንጠይቃታ! ባሕሩ የሷ አይደል?»

እመቤቲቱ የምንላትን የባሕር አምላካችንን፣ የማዙን ትንሽ ምስል በፎጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት፤ ጸለይኩ፤ መልስ የሚጠየቅባቸውን ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እንጨቶች ለቢዩን ሰጠኋት። አንዱ በሆዱ ሌላው በጀርባው ከወደቀ መልሱ «እሺ» ነው። ሁለቱም በጀርባቸው ከተንጋለሉ ግን እመቤቲቱ እየሳቀች ነው።

«ኢንተርኔቱን ልግዛ?» ብላ ጣለች። እመቤቲቱ ሳቀች። መርከቡ ተወዛወዘ፤ ደግማ ጣለች። አሁንም ሳቅ።

«ምንድን ነው የሚያስቃት?»

«እኔ እንጃ፣ አክስቴ።»

«አትግዢ ማለቷ ነው።» እንጨቶቹን መለሰችልኝ። እኔ ያንጋለላቸው መርከቡ ነው ባይ ነኝ፤ ግን እመቤቲቱ ፊት አልከራከርም።

ሁለት ማለዳ ያለ አበባ ነጋ። ሊያው የዋና ቆቡን ደፍቶ የመርከቡ ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፏል። እሷም አጠገቡ ገብታ የምታወራው ስለ በሯ ነበር።

«ይሄኔ ገንጥለውታል። አልጋዬን ባዶ አግኝተውታል። ጂያሆንግ እያለቀሰ ነው።»

«ካለቀሰማ ጥሩ ልጅ ነው» አለ ሊያው።

«ዝም በል፣ አንተ ድብልብል!»

እንደዚያ ሲጨቃጨቁ ፎቶ አነሳኋቸው።

ኢሺጋኪ ስንወርድ ስልኩ ነፍስ ዘራ። ቡድኑን ከፈተች። ጂያሆንግ ስለ መኪና ጎማ ጽፏል። ምራቷ የውሻዋን አዲስ ሹራብ ለጥፋለች። «እማ የት ናት?» ያለ አንድም የለም።

ፊቷ ቀላ።

«ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» አልኳት።

«ሁለት ቀን ሙሉ ሞቻለሁ እኮ! እነሱ ውሻ ያለብሳሉ! ያንን ፎቶ ላኪልኝ።»

«የቱን?»

«የገንዳውን!»

«አክስቴ፣ ትንሽ ብንጸልይበት...»

«እመቤቲቱ ስቃ ጨርሳለች። ላኪ!»

ላኩላት። ቡድኑ ላይ ለቀቀችው። ጽሑፉን አልቀየረችም፦ «ደህና አደራችሁ፣ ሰውነታችሁን ጠብቁ።»

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። የጂያሆንግ ድምፅ ለኔም ይሰማል።

«እማ! ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«አጠገብሽ ያለው! ቆብ የደፋው! ሊያው ነው?»

«ውይ፣ ለካ የምልከውን ታያለህ!»

«የት ነሽ?»

«ከትናንት ወዲያ ሞቻለሁ። ለቀብሬም አልመጣህም።»

«እማ፣ አትቀልጂ...»

«ሃሎ? ሃሎ? ባሕር መሃል ነኝ፣ ኔትወርክ የለም!» አለችና ዘጋችው። የቆምነው አይስክሬም ሻጩ ፊት ነበር።

መርከቡ እዚያው ወደብ አደረ። በማግስቱ ማለዳ ጸሎቴ ላይ ሳለሁ ስልኳ ድምፅ ሰጠ። ጂያሆንግ የሎተስ አበባ ሥዕል ልኳል፤ በዕድሜው የመጀመሪያው። «ደህና አደርሽ፣ እማ። ሰውነትሽን ጠብቂ።» ከሥሩ ደግሞ፦ «አቶ ሊያውም ይጠብቁ።»

መነጽሯን አድርጋ አየችው፣ አየችው።

«አበባው ደብዛዛ ነው» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

«መልሺለት እንጂ።»

«መጀመሪያ ቁርሴን ልብላ» አለች። «ትንሽ ይጨነቅ።»