ረግረጉን ያስገሳሁበት ቀን

የልጅ ልጄ ኢልታ በየሳምንቱ ብቻዋን ረግረግ ትገባለች። ሥራዋ ከጭቃው ውስጥ በተፈጥሮ የሚወጣውን ሚቴን የሚባል ጋዝ መለካት ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ በረዷማው የሰሜን ምድር ላፕላንድ ተወልጄ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ረግረግ አንድ ሙሉ አጋዘን ሲውጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የበረዶው ክረምት ሳይገባ የዓመቱን የመጨረሻ ልኬት ልትወስድ ስትነሳ ቦቲዬን አጥልቄ ተከተልኳት።

«ነይ እሺ፣ ግን ከሳንቃው እንዳትወርጂ» አለችኝ። «ነገ ረግረጉ በረዶ ይሆናል። ዛሬ ካልተሳካልኝ የዓመት ሥራዬ ጎዶሎ ነው።»

«ይልቅ አንቺ አትውረጂ። የጃኬትሽን ዚፕ ለምን አልዘጋሽውም?»

«ጀመረች ደግሞ።»

በረግረጉ ላይ የተዘረጋው ሳንቃ ለአንድ ሰው እንኳ ጠባብ ነው። ኢልታ ተንበርክካ ጋዙን የምትይዝበትን፣ ውስጡን የሚያሳየውን ሳጥን ጭቃው ውስጥ በተተከለው ሰፊ ቀለበት ላይ ደፋችው። ጋዙ ከሳጥኑ ስር ቀስ እያለ ሲጠራቀም በመሣሪያዋ ላይ ቀጭን መስመር ሽቅብ ይወጣል። ሳጥኑን ልታስተካክል ተንጠራራች፤ አሁንም ተንጠራራች። አላስቻለኝም። ጃኬቷን ከኋላ ጨምድጄ ልይዝ ስል አንድ እግሬ ከሳንቃው ወርዶ የራሰው ሳር ላይ አረፈ።

ቡልቅ ቡልቅ አለ። አረፋው ከሳጥኑ ስር ፈነዳ፤ መስመሩም ዘሎ ሰማይ ነካ።

ኢልታ መሣሪያውን አየች፣ ከዚያ እግሬን አየች። «አያቴ፣ ረግረጉን አስገሳሽው።»

«እኔ እኮ እንዳትሰምጪብኝ ብዬ ነው።»

«ከታች ያለውን ሁሉ ጨምቀሽ አወጣሽው። ይሄን ቁጥር ይዤ ብሄድ አለቃዬ እሳተ ገሞራ አገኘሽ ወይ ይለኛል።»

እንባዬ መጣ። የዓመት ድካሟን አፈር ያበላሁት መሰለኝ። እሷ ግን ሳጥኑን አንስታ አናፈሰችውና ከኋላዋ ሳንቃው ላይ ቦታ ሰጠችኝ። «እስኪረጋ እንጠብቃለን። ዳቦውን አውጪው፤ ሳትይዢ እንደማትመጪ አውቃለሁ።»

የአጃ ዳቦ በአይብ በላን። ውሃው ዝም ሲል ሳጥኑን ዳግም ደፋችው። «ከፈራሽ ቀበቶዬን ያዢ። ግን ቁጭ ብለሽ።»

ያዝኩ። አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ አልጠረግሁትም። ጉልበቴን ቆረጠመኝ፣ አልተንቀሳቀስኩም። መስመሩ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ።

«ተሳካ» አለች በረጅሙ ተንፍሳ። «አሁን ልቀቂኝ።»

«ሳጥኑን እስክታወጪ አልለቅም» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ቀበቶዋን እንደያዝኩ ሳቅሁ።