ሆዱ የተነፋው ጀሪካን

የባሌ ታላቅ እህት እትዬ ናኢማ ጀሪካናቸውን የነፉት እኔ ገና ሙሽራ ሳለሁ ነው። የፈላ ውሃ ሞልተው ክዳኑን ጥርቅም ሲያደርጉት ፕላስቲኩ ይለሰልስና ሆዱ ይወጣል። ባለ ሃያ ሊትሩ ጀሪካን ሃያ አምስት ይይዛል። የግቢያችን ቧንቧ ስትመጣ ደንቡ ለአንድ ቤት አንድ ጀሪካን ነው፤ እሳቸው በአንዱ አንድ ከሩብ ይቀዳሉ። የባል ታላቅ እህት ምን ይባላል? ሌላውም አይቶ የራሱን ነፋ። የኔ እንደተገዛ ቀረ። ግትር ነሽ ይሉኛል፤ ነኝ።

ከጭድ ተራ ጀርባ የተነሳው እሳት ሱቆቹን ሲበላ ቧንቧውንም አቀለጠው። ከዚያ ወዲያ ውሃ በቦቴ ሆነ። በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል ትልቅ የውሃ ሮቶ ተከሉልን። የምታድለው ዮርዲ የምትባል በጎ ፈቃደኛ ናት። በተቃጠለ የሱቅ በር ላይ በከሰል እየጻፈች አስረዳችን። ሮቶው አምስት ሜትር ኩብ ነው። ሜትር ኩብ ማለት ወርዱም ርዝመቱም ቁመቱም አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን ነው፤ አንድ ሺህ ሊትር ይይዛል። አምስት ሺህ ሊትር ለሃያ ሲካፈል ሁለት መቶ ሃምሳ ጀሪካን። እኛም ሁለት መቶ ሃምሳ ቤት ነን፤ ለሁሉም ይደርሳል አለች።

አልደረሰም። ልጄ ሀፍሷ አራስ ናት፤ እሷን አሰናድቼ ስወጣ ሁሌም ከሰልፉ ጭራ ነኝ። ባዶ ጀሪካን ይዤ ገባሁ። ጡቷ ደርቆ ሕፃኑ ሲያለቅስ ድምፁ አልወጣ አለ። በር ሳንኳኳ እትዬ ናኢማ አንድ ኩባያ ሰጡኝ። በአንድ ኩባያ አራሷን ላጠጣ፣ ሕፃኑን ልጠብ?

ቦቴው ዳግም ሲመጣ ሕፃኑ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት ነበር። ዮርዲ ሮቶው ያፈስ እንደሆነ ዙሪያውን በእጇ ትዳብሳለች።

«ሮቶው አያፈስም፣ ልጄ» አልኳት። «ጀሪካኖቹ ናቸው የሚውጡት።»

የአምስት ሊትር ዘይት ዕቃ አመጣችና አራት ጊዜ እየሞላች የኔ ጀሪካን ውስጥ ገለበጠች። እስከ አንገቱ ሞላ። ያንኑ ውሃ ከሰልፉ ፊት ወደነበረው ወደ እትዬ ናኢማ ጀሪካን ገለበጠችው። ትከሻው ጋ ሳይደርስ ቀረ።

«ሁሉም ሃያ አምስት ከቀዳ ለሁለት መቶ ቤት ብቻ ነው የሚበቃው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሃምሳ ቤት ባዶውን ይመለሳል።»

ሁላችሁም ሃያ ላይ አቁሙ ብላ ለመነች። እትዬ ናኢማ ጀሪካናቸውን ወደ ሮቶው ቧንቧ ሳብ አደረጉ።

«ተዪ እንጂ ሐዋ፣ ቤተሰብ ነን» አሉኝ። «ትንሽ ትጨመርበት፤ ማታ ለአራሷ አንድ ኩባያ እልካለሁ።»

ኩባያዋን ሲጠሯት አንዳች ነገር ተነሳብኝ። ከተቃጠሉት ሱቆች አመድ ውስጥ ሚስማር አነሳሁ። አጠገባችን ሻይ የምታፈላው ሴት ከሰል ውስጥ ከተትኩት። ሲቀላ በጉጠቷ ያዝኩና ሃያው ሊትር ከቆመበት ትንሽ ከፍ አድርጌ የእሳቸውን ጀሪካን ሆድ በሳሁት። ፕላስቲኩ ጢሱን አወጣ።

ዮርዲ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ቀዳዳው ጋ ደርሶ ወደ ውጭ ሲል ዘጋችው።

ሚስማሩን እንደገና ከሰሉ ውስጥ ከተትኩና ቀጥላ የቆመችዋን ጎረቤቴን «ያንቺንም አምጪው» አልኳት።