የአራስ ሙክት

ጡረተኛው አቶ ገብረ መድህን ከብት ተራ ሲደርሱ ገና ዋጋ ሳይጠይቁ ተናደው ነበር። ባለጋሪው ሃምሳ ብር ቢላቸው መንገዱን ሙሉ ሲያበሻቅጡት ነው የመጡት። እንዲህ ናቸው፤ ሽንኩርት እንኳን ሲገዙ የድሮውን ዋጋ ሳይናገሩ አይከፍሉም። የአሰላ ቸርቻሪ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ይጠቃቀሳል።

ዛሬ ግን የቀልድ ቀን አልነበረም። ልጃቸው ሮሐ ስንት ዓመት ስለት ስትሳል ኖራ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። የአራሷን ሙክት የሚያመጣው አባት ነው፤ በአማቾቿ ፊት ባዶ እጅ መግባት ደግሞ ሞት ነው። ከጡረታቸው እየቆነጠሩ ያጠራቀሙት ብር በደረት ኪሳቸው ነበር።

ዲሪባ የሚባል የኢተያ ገበሬ አንድ ሙክት ይዞ ቆሟል። ላቱን በእጃቸው መዘኑት። ልባቸው ወደደው።

«ለአራስ ልጄ ነው። ስንት ትላለህ?»

«አስራ ስምንት ሺህ። ለአራስ ከሆነ አስራ ሰባት ይስጡኝ፣ ጋሼ።»

«አስራ ሰባት ሺህ? እኔ በአርባ ብር እየገዛሁ የበላሁትን በግ? የከፋው ዘመኑ አይደለም፤ የናንተ የገበሬዎቹ ሆድ ነው! ያኔ ስንዴው ርካሽ፣ በጉ ርካሽ፣ ሰዉ ጥጋብ በጥጋብ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዲሪባ ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለ።

«ያንን ርካሽ ስንዴ ማን አረሰው? አባቴ! የመንግሥት ሰዎች በኮታ፣ ራሳቸው በቆረጡት ዋጋ ከጎተራው አውጥተው ወሰዱበት። ከኮታው የጎደለውን ከገበያ በውድ ገዝተህ ሙላ አሉት። የአርባ ብሩን በግ የሸጠው ለዚያ ነው። እርስዎ ከቀበሌ ሱቅ በርካሽ ሲሸምቱ፣ እኛ አራሾቹ በረሃብ እናድር ነበር። ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ ደግ ዘመን ነበር አይበሉኝ!»

ገብረ መድህን ደማቸው ፈላ። ገበያ መሃል እንዲህ ይዋረዱ? ብሩን መዥረጥ አድርገው አወጡ።

«እንካ፣ አስራ ስምንቱንም ውሰድ!»

«አልሸጥም።»

«ምን አልክ?»

«የአራስ በግ ተመርቆ ነው የሚሰጠው። ዛሬ ደግሞ ለእርስዎ ምርቃት ከአፌ አይወጣም። ሳልመርቅ ብሰጥዎ ለሕፃኑ አይበጅም።»

በንዴት ወደሚቀጥለው ሻጭ ዞሩ። ሁሉን ሰምቷል። «ተሸጧል» አላቸው፣ በጉን በእግሮቹ መሃል ይዞ። ሦስተኛውም ተሸጧል አለ። ውሸታሞች! ወዲያው ተሻለች የምትባል ነጋዴ መጥታ የዲሪባን ሙክት በአስራ ስድስት ሺህ ለመግዛት ተስማማች፤ እሱም የበጉን ጀርባ መታ መታ አድርጎ መረቃት። ገብረ መድህን ቆመው አዩ። ገበሬውን ረገሙ፣ ዘመኑን ረገሙ፣ ምላሳቸውን ግን መርገም አልሆነላቸውም።

ስልካቸው ጮኸ። ሮሐ ናት።

«አባዬ፣ የት ደረስክ? የባለቤቴ ወንድሞች ቢላ ስለው እየጠበቁህ ነው።»

የተጨማደደውን ብር ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉ፤ «የዘንድሮ በግ ዋጋው አይቀመስም።»