ቆዳ የማይረሳው

ልብስ ሰፊዋ በልጅነቷ አንድ አንቲባዮቲክ ወስዳ ገላዋ ሁሉ በሽፍታ ተወርሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቱ ስም ሲነሳ እንኳ ይዘገንናታል። ፋርማሲስቷ ታላቅ እህቷ ግን ትስቅባት ነበር። «ያኔ የያዘሽ ኩፍኝ ነው፤ በመድኃኒቱ አታሳብቢ» ትላታለች። እሷ ካወቀች ሌላው አያውቅም ባይ ናት፤ ምን ይደረግ፣ ተምራለቻ!

ዘንድሮ ልብስ ሰፊዋ ሳንባዋን ታመመች። እህቷ «ይሄ ሌላ ዓይነት ነው» ብላ ኪኒን አመጣችላት፤ ጠዋት ማታ ከጭማቂ ጋር እያቀረበች አስታመመቻት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷው ናት።

«እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለቻት አንድ ማታ፣ ከልቧ።

ሳሉ ለቀቃት። ወደ ስፌት መኪናዋ በተመለሰች በጥቂት ቀን ግን ቆዳዋ ቀላ፤ ከንፈሯ ቆሰለ፤ መርፌ መያዝ እስኪያቅታት መዳፏ ተላጠ። ሆስፒታል አስተኟት።

ዶክተሯ የኪኒኑን ማሸጊያ አገላብጣ አየችው። «ይሄ ቫይታሚን ነው። ሌላ የወሰድሽው የለም?»

«ኧረ የለም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አልጋው አጠገብ የቆመችው እህቷ መሬት መሬት ታያለች። «የሕፃናቱን ሽሮፕ ነው» አለች በመጨረሻ። «ያንኑ አንቲባዮቲክ። ጭማቂው ውስጥ ጨመርኩላት። የመጀመሪያ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ክንዷን እያየሁ ስጠብቅ ቆየሁ። አላበጠ፣ ትንፋሿ አላጠረ። አለርጂ ቢሆን ወዲያው ይታይ ነበር።»

«አንቺ የጠበቅሽው ቸኳዩን አለርጂ ነው» አለች ዶክተሯ። «ይሄ የቲ ሴሎች ሥራ ነው፤ አይቸኩልም።» ከዚያ ወደ ታማሚዋ ዞራ አስረዳቻት። ቲ ሴሎች የሰውነት ዘቦች ናቸው። መድኃኒቱ የገዛ ፕሮቲኗ ላይ ሲለጠፍ የራሷ ሥጋ ባዕድ ይመስላቸዋል። አንዴ ያዩትን መልክ አይስቱም፤ ግን ተባዝተው ቆዳዋ እስኪደርሱ ቀናት ይወስድባቸዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይኸው ነው።

ዶክተሯ ስትወጣ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«መሳሳትሽ አይደለም የከፋኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሰው ይሳሳታል። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ እምቢ ትይ ነበራ።»

«እል ነበር።»

«ለዚያ ነዋ ያልነገርኩሽ። ሳንባሽን የሚያድነው እሱ ነበር፤ እንዳትሞችብኝ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ በዚህ ዓለም ዐይኗን ጨፍና የምታምነው አንድ ሰው ነበራት፤ እሷም እንደ ሕፃን አታልላታለች። አልቅሳ እንዳይወጣላት እንባው ራሱ ፊቷን ይለበልበዋል።

እህቷ ለስለስ ብላ ከጆጉ ውሃ ቀዳችና ወደ አፏ አስጠጋችላት። የልብስ ሰፊዋ ጉሮሮ ደርቋል። ብርጭቆውን አየችው፤ ቀጥላ እህቷን አየቻት።

«ውሃ እኮ ነው» አለች እህቷ።

«አስቀምጪው።»

ነርሷ እስክትመጣ ጥማቷን ይዛ ጠበቀች። ስትገባም በቆሰለው ከንፈሯ «እህቴ፣ እባክሽ ውሃ አምጪልኝ» አለቻት።

ነርሷ የሞላውን ብርጭቆ አየት አድርጋ «ይኸውልሽ አይደል እንዴ?» አለች።

«ሌላ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንቺ የቀዳሽው።»