ዳኛዋ እና ስም የለሾቹ ቁልፎች

ፕሮግራመሩ አክስቱን የሚፈራውን ያህል አለቃውን ፈርቶ አያውቅም። አክስቱ በጡረታ የተገለሉ ዳኛ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ኮምፒውተር የሚጠቀሙት ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ በሚያነብላቸው ፕሮግራም ነው። እሳቸው ፍርድ ቤቱን ቢለቁም ችሎቱ ግን እሳቸውን አልለቀቀም፤ ቤት ውስጥ ማንኪያ ቢጠፋ እንኳ ምስክር ይሰማል።

እሱ ደግሞ ከሥራ ሲወጣ ሌላ ሥራ አለው። በየከተማው ካሉ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ አዲስ ዴስክቶፕ ይሠራል፤ ኮምፒውተር ሲከፈት ፊት ለፊት የሚመጣውን መስኮቱን፣ ምልክቱን፣ ምኑን ሁሉ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ክፍያ የለውም፤ ክርክር ግን በሽ ነው። በየምሳው "ሊወጣ ነው፣ ደረሰ" እያለ ጆሯቸውን ሲያደነቁራቸው ዳኛዋ ሰለቻቸው።

"እንግዲያው ለእኔም ጫንልኝ" አሉት። ደረቱን ነፍቶ ጫነላቸው።

በማግስቱ ዳኛዋ በኢንተርኔት ከአንድ የጥርስ ሐኪም ወዳጃቸው ጋር ቼዝ ይጫወቱ ነበር። ድምፁን ትንሽ ከፍ ሊያደርጉ ፈለጉ። አንባቢው "ቁልፍ" አለ። ወደ ቀጣዩ አለፉ። "ቁልፍ።" ደግመው አለፉ። "ቁልፍ።"

"አንተ!" ብለው ተጣሩ። "ኮምፒውተር ነው ወይስ ሸሚዝ ነው የጫንክልኝ?"

"እትዬ፣ ስማቸውን ገና አልጻፍንላቸውም። ለሚያይ ሰው ሥዕል አላቸው።"

"ለማያይስ?"

ዳኛዋ በግምት አንዱን ቁልፍ ተጫኑት። ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ንግሥቱን ሊነጠቅ ለጥቂት የተረፈው የጥርስ ሐኪም ወዲያው ደወለና "ሜዳውን ጥለው ሸሹ አይደል?" ብሎ ድሉን አበሰራቸው።

ችሎቱ እዚያው ሳሎን ተሰየመ።

"ቃልህን ስጥ።"

"ገና አዲስ ነው እትዬ። ደግሞ ሁላችንም በነጻ ነው የምንሠራው።"

"በነጻ የተሰጠ ወንበርም እግሩ ሲሰበር ሰው ይጥላል። ላዩን አሳምራችሁ ውስጡን ለቄስ ነው የተዋችሁት። ሂድ፣ አስተካክል!"

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲመለስ አጠገባቸው እየተቀመጠ ለየቁልፉ ስም ያወጣ ጀመር። ይሄ ሲቃና ሌላ ጉድ ብቅ አለ። አንባቢው እያወራ ሳለ መልእክት ከገባ የዴስክቶፑ የላይኛው ክፍል እንዳለ ይወድቅና እንደገና ተነሥቶ "እንኳን ደህና መጡ!" ይላል። የዳኛዋ ጓደኞች ደግሞ መልእክት ሲልኩ አያባሩም።

"ስንት ጊዜ ነው የሚቀበለኝ?" አሉ። "ወጥቼ መቼ ሄድኩ?"

ሲመረምረው ለካ አንባቢውና መልእክት አብሳሪው በር ላይ እንደተገናኙ ጨዋ እንግዶች "አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም" ሲባባሉ ቤቱ እላያቸው ላይ ይፈርሳል። ተራ አስያዛቸው። መውደቁ ቆመ። ደስ ብሎት ሳይጨርስ አንባቢው በዚያ ጎርናና ድምፁ "ዝጋ!" አለ።

ዳኛዋ ቀጥ አሉ። "ማንን ነው?"

"መስኮቱን ነው እትዬ! መስኮት የሚዘጋው ቁልፍ ነው!"

"በችሎት ዘመኔ ዝጋ ያለኝ ሰው የለም። መዝጊያ በለው።"

"ክፈት"ም መክፈቻ፣ "አጥፋ"ም ማጥፊያ ሆነ። ኮምፒውተሩ ጨዋ ወጣው።

የቀረው ማስተካከያው ሁሉ እስኪያልቅ ዴስክቶፑ ሳይወጣ እንዲቆይ ፈቃደኞቹን ማሳመን ነበር። በድምፅ ስብሰባቸው ላይ መልክና ቀለሙን የሚሠራው፣ ቄንጠኛው የሚሉት ሰውዬ፣ አሻፈረኝ አለ። ሲዘጉ እንደ መጋረጃ የሚውለበለቡ መስኮቶች ሠርቶ፣ በቶሎ ካልታዩለት ሊፈነዳ ደርሷል።

"ለጥቂት ሰው ተብሎ ሁሉም ይዘገያል እንዴ?" አለ።

"ልጄ" አሉ ከጎን ሲሰሙ የነበሩት ዳኛ፣ "ስክሪንህን አጥፋና አንባቢውን ክፈት። ከዚያ ማይክራፎንህን ብቻ ዘግተህ መልሰህ ክፈተው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።"

"ቀላል ነው" አለ ቄንጠኛው። የእሱ ኮምፒውተር ላይ ማስተካከያው ገና አልገባም። ሁሉም በጆሯቸው ተከተሉት። "ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ።" ከዚያ ጭጭ። ከስብሰባው ወጥቷል።

ሻይ ሊፈላበት የሚችል ጊዜ ጠበቁት። ሲመለስ ያለከልካል። "ከሶኬት ነቅዬው ነው የመጣሁት" አለ። ሳቁ ጋብ ሲል መዘግየቱን በድምፅ ብልጫ አጸደቁ፤ ከደገፉት ውስጥ ቄንጠኛው ራሱ አንዱ ነበር።

ዴስክቶፑ ዘግይቶ ወጣ፤ አልወደቀም። የሚውለበለቡት መስኮቶችም ላልፈለጋቸው ሰው ማጥፊያ ተበጀላቸው። ከዚያ ወዲህ ዳኛዋ ሳይሰሙት የሚገባ ነገር የለም። ማንም አልሾማቸውም፤ እንዲያው ሆነ።

ባለፈው ሰሞን ፕሮግራመሩ አዲስ የፋይል መፈለጊያ ሠርቶ በኩራት አቀረበላቸው። ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ አዳመጡት።

"ያገኘውን ይነግረኛል፤ ሲያጣ ግን ዝም ይላል። ተመልሶ ይታይ።"

"እትዬ! ቄንጠኛው ያመጣውን እኮ ትናንት ወዲያው ነው ያጸደቁለት!"

"እሱ አሁን ዓይኑን በሻሽ አስሮ ሞክሮ ነው የሚያመጣው።"

"ይግባኝ እጠይቃለሁ!"

"የት?" አሉት ዳኛዋ፣ እውነትም የት እንደሆነ ለማወቅ የጓጉ ይመስል።

ወዲያ ወዲህ አማተረ። ከዚያ ላፕቶፑን ታቅፎ ሻሽ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባ።